ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ቀን፦ ትልቁ ውሳኔያችን ለምን ይወድቃል? ትንሿ ልማድስ ለምን ትሠራለች?

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን ላሳርፈውና ስለ ራሳችን እናውራ።

ባለፈው ሳምንት ዩኒየን ስቴሽን ፊት ለፊት ተራ እየጠበቅን አንድ ባልደረባዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና «ዘንድሮ ግን ቆርጫለሁ» አለኝ። ምን ቆረጥክ ስለው ዘረዘረልኝ። ሲጋራ ማቆም፣ ክብደት መቀነስ፣ ያቋረጠውን ኮሌጅ መጨረስ፣ ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ማጠራቀም። አራቱንም ባንድ ጊዜ። «አምናስ ምን ነበር የቆረጥከው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ያንኑ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዝም አልን፤ ምክንያቱም የኔም ዝርዝር ከሱ ብዙ አይለይም ነበር።

እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ነገር ከሌላው የበለጠ ዕድል አለን። ፈረንጁ በዓመት አንዴ ነው የሚወስነው፣ ጃንዋሪ 1። እኛ መስከረም 1 እንወስናለን፣ አልሆነም፤ ጃንዋሪ 1 እንደገና እንወስናለን፣ አልሆነም፤ ከዚያ «ከፋሲካ በኋላ» ወይም «ከረመዳን በኋላ» እንላለን። የውሳኔ እጥረት የለብንም ማለቴ ነው። የጎደለን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪሜ «ስኳርህ ድንበር ላይ ደርሷል» ሲለኝ በቀጥታ ሄጄ ጂም ተመዘገብኩ። አዲስ ጫማ ገዛሁ፣ አዲስ ቦርሳ ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ቀን ሄድኩ። በሁለተኛው ሁለት ቀን። በሦስተኛው ሳምንት በረዶ ጣለ፣ ሥራ በዛ፣ በቃ ቀረሁ። ገንዘቡ ግን ለስምንት ወር ከባንኬ ይቆረጥ ነበር። ለምን አላቆምከውም ካላችሁኝ፣ ማቆም ማለት መሸነፌን በፊርማ ማረጋገጥ መስሎኝ ነው። ይህን ስሜት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የስደተኛ ኑሮና «አንድ ቀን»

ትልቅ ውሳኔ ለምን እንደሚወድቅብን ስናወራ ሰነፍ ስለሆንን ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። በሁለት ሥራ የሚሮጥ፣ በሌሊት የሚያሽከረክር፣ ደመወዙን ለሦስት አገር የሚያከፋፍል ሰው ሰነፍ አይባልም። ነገሩ ወዲህ ነው። ትልቅ ውሳኔ ትልቅ ጊዜ፣ ትልቅ ጉልበትና የተረጋጋ ሕይወት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ሦስቱም የሉንም። ዛሬ የቀን ፈረቃ ነው፣ ነገ የሌሊት። ዛሬ ሰላም ነው፣ ነገ ከአገር ቤት ስልክ ይደወልና አንድ ሰው ታሟል ወይ ተቸግሯል ይባላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠይቅ ዕቅድ በእንዲህ ዓይነት ኑሮ ላይ ብዙ አይቆይም።

ሌላም አለ። ብዙዎቻችን እዚህ የምንኖረው ሻንጣ ሳንፈታ ነው። ወረቀቴ ሲወጣ እማራለሁ። ዕዳዬ ሲያልቅ አርፋለሁ። ልጆቼ ከፍ ሲሉ ጤናዬን አያለሁ። አገር ስመለስ እኖራለሁ። እኔ ቶሮንቶ የገባሁት በ2007 ነው፤ ያኔ «አምስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር። ቁጠሩት እንግዲህ። «አንድ ቀን» የሚባለው ቀን በሳምንቱ ሰባት ቀናት ውስጥ የለም።

እቁብ ሲሆን ለምን አንቀርም?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው «በወር 50 ዶላር ለብቻዬ ማስቀመጥ አልቻልኩም» ይላችኋል። ይኸው ሰው በሳምንት 100 ዶላር እቁብ ይጥላል፤ አንድም ሳምንት አይቀርም። ቢታመም በሰው ይልካል። ቢያጥር ተበድሮ ይጥላል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው፣ ገቢውም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ አሠራሩ ነው። እቁብን ፈታታችሁ እዩት። መጀመሪያ፣ መጠኑ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ስንት ልጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ሁለተኛ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ እሁድ ከሆነ እሁድ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ያያል፤ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ስምህ መዝገብ ላይ አለ። አራተኛ፣ ዋስ አለ፤ ብትቀር አንተ ብቻ ሳትሆን የጠራኸው ሰው ያፍራል። አምስተኛ፣ መጨረሻው ይታያል፤ 20 ሰው በሳምንት 100 ዶላር ከጣለ በየሳምንቱ ለአንዱ 2,000 ዶላር ይደርሳል፣ በ20 ሳምንት ዙሩ ያልቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዛሬ ስሜቴ ምን ይላል?» ብሎ የሚጥል እቁብተኛ የለም። ስሜት የሚጠየቅበት ቦታ አልተተወለትም።

አንድ የምወደው ሕግ ደግሞ አለው። ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰውም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ደረሰኝ ብሎ መቅረት የለም። እኛ በራሳችን ጉዳይ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሦስት ኪሎ ቀነስን፣ ደስ አለን፣ አቆምን። ሁለት ፈተና አለፍን፣ ደስ አለን፣ መጽሐፉን ዘጋን።

ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ይቺ ናት፦ ራሳችንን ለመለወጥ የሚያስፈልገን ትልቅ ቁርጠኝነት አይደለም። አያቶቻችን በገንዘብ ላይ የሠሩትን አሠራር በቀናችን ላይ መሥራት ነው የሚያስፈልገን። ትንሽ መጠን፣ የታወቀ ሰዓት፣ የሚያይ ሰው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባል የለ? እኔ ደግሞ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ቀን ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ቀን ግን በቀን አንድ ሎሚ ነው እላለሁ።

21 ቀን የሚባለው ከየት መጣ?

ዩቲዩብ ላይ «በ21 ቀን ሕይወትህን ቀይር» የሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ፊታቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ «ቢያንስ» 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው አስተዋለና በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ የመጡት ተናጋሪዎች «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ጣሏትና 21ን ሕግ አደረጓት።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ነገሩን በሰው ላይ አጠኑት፤ ውጤቱ በ2009 ወጣ። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መረጡ፤ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት መሮጥ የመሰለ። ለ12 ሳምንት በየቀኑ አደረጉት፣ በየቀኑም መዘገቡ። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ። ልብ በሉ፣ ከሰው ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው በስሌት እስከ 254 ቀን። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ የአካል እንቅስቃሴ ይዘገያል።

ለኔ ግን ከዚያ ጥናት ትልቁ ነገር ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። አንድ ቀን የዘለሉት ሰዎች በማግስቱ ሲመለሱ ከነበሩበት ነው የቀጠሉት። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ጊዜ ጂሙን አልተወውም ነበር። እኔን ያስቀረኝ ያ የበረዶ ቀን አይደለም። ከበረዶው በማግስቱ «አሁንማ ተበላሽቷል» ማለቴ ነው።

ሌላም የሚዞር ሒሳብ አለ። በየቀኑ 1 በመቶ ብትሻሻል በዓመት 37 እጥፍ ትሆናለህ ይላሉ። በካልኩሌተር ትክክል ነው፤ 1.01ን 365 ጊዜ አባዙት፣ 37.8 ይመጣል። ሰው ግን የባንክ ወለድ አይደለም። ዛሬ አስር ደቂቃ የሄደ ሰው በዓመቱ 37 እጥፍ አይፈጥንም። እንዲህ ዓይነት ተስፋ ሰጥተው ነው ሰውን በሁለተኛው ወር የሚያስቆርጡት። እኔ የማምነው ቀለል ባለው ሒሳብ ነው። በቀን 5 ዶላር በዓመት 1,825 ዶላር ነው። በቀን 10 ደቂቃ በዓመት 60 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ተአምር የለውም። ግን እውነት ነው፣ ደግሞም ማንም አይወስድብህም።

የልጄ ፊደል

አሁን ከራሴ ቤት ልንገራችሁ።

ልጄ እዚሁ ቶሮንቶ ነው የተወለደችው። ስድስት ዓመት ሲሞላት አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። በየእሁዱ ስንደውል እናቴ «ደህና ነሽ የኔ እናት?» ትላለች፣ ልጄ «ሃይ» ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ እኔ መሐል ቆሜ አስተርጓሚ እሆናለሁ። አንድ እሁድ እናቴ «ልጅቷ አትወደኝም እንዴ?» አለችኝ። ያ ቃል ሌሊቱን ሙሉ መሪው ላይ አብሮኝ ዋለ።

እንደ ልማዴ ትልቅ ውሳኔ ወሰንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አማርኛ! መጽሐፍ ገዛሁ፣ ነጭ ሰሌዳ ገዛሁ። ቅዳሜ ደግሞ ለታክሲ ዋናው የሥራ ቀን ነው። ሦስት ቅዳሜ ሠራንና ቀረ። ልጄም ሰሌዳውን ስታይ ፊቷን ማጥቆር ጀመረች።

ከዚያ የተለወጠው እንዲህ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ አስር ደቂቃ ቀድመን እንደርሳለን። አንድ የክረምት ጠዋት ሞተር አጥፍተን ደወል ስንጠብቅ መስታወቱ በትንፋሻችን ደመነ። እሷ በጣቷ ድመት ሣለችበት። እኔ ከድመቷ አጠገብ «ለ» ጻፍኩ። «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። እሷም ጻፈችው። በቃ፣ ትምህርቱ ያ ነበር። በማግስቱ «ሉ» ጻፍን።

ፊደላችን ለዚህ ነገር የተሠራ ይመስላል። 33 ቤት ነው፣ እያንዳንዱ ቤት ሰባት ፊደል፣ ሲባዛ 231። ሰባት ፊደል፣ ሰባት ቀን። በሳምንት አንድ ቤት ማለት ነው። በ33 ሳምንት ገበታው ያልቃል። ቅዳሜና እሁድ የመኪናው መስታወት ስለሌለ ሁለቱን ፊደል ቁርስ ላይ እንጽፋለን።

ሁሉም በሰላም ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። ጁን መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልማዱ ባንድ ቀን ሞተ። ለምን? የታሰረበት ችንካር ተነቀለ። ትምህርት ቤት የለም፣ ደወል መጠበቅ የለም፣ የደመነ መስታወት የለም። አምስት ሳምንት ያህል አንድም ፊደል አልጻፍንም። ጥፋቱ የልጅቷም የኔም አልነበረም፤ ቀኑ ቅርጹን ስለቀየረ ነው። ከዚያ ከእራት በፊት እጅ ስትታጠብ በሳሙና አረፋ መስታወት ላይ እንድትጽፍ አደረግንና ተመለስን። 33 ሳምንት የተባለው ዓመት ከሁለት ወር ወሰደ። ግን አለቀ።

ካለቀ በኋላ ደብዳቤ ጻፈች። ስምንት መስመር። አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠነው።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እናቴ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት አልገባችም። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በየዙሩ ለዓመታት የቀጠለ ነው፤ በቀበሌ አዳራሽ፣ በገበሬ ማኅበር፣ በዛፍ ሥር ጭምር ይሰጥ ነበር። በሂደት በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተምሮበታል፤ በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኢትዮጵያ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት ያገኘችው በሱ ነው። ስለ ዘመኑና ስለ ደርግ የምንለው ብዙ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። እናቴ እኔን አዝላ ማታ ማታ ትማር እንደነበር ነው የምትነግረኝ።

የምስክር ወረቀት ከወሰዱት ብዙዎቹ ግን በኋላ ረስተውታል፤ የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውማ። እናቴ ያልረሳችው ለምንድን ነው? ልጅ ሆኜ አያት ነበር። ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ አንድ ነገር ታነባለች። መጽሐፍ የለም። የክብሪት ቀፎ ላይ ያለውን፣ የሳሙና ልባጩን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ። አንድ መስመር፣ አንዳንዴም አንድ ቃል። በየማታው። ዘመቻው አስተማራት፤ ያቆየላት ግን የክብሪት ቀፎው ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው ደረሰ። እሁድ ደወልን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው፤ ማንም አላነበበላትም። ቀስ እያለች፣ ፊደል በፊደል። ልጄ በስልኩ መስኮት እያየቻት «አያቴም እንደኔ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው» አለችኝ። አንድ ቃል ላይ ቆመች። ልጄ «ነፍቀሽኛል» ብላ ጽፋ ነበር። እናቴ «'ና' ናት እንጂ 'ነ' አይደለችም የኔ እናት» አለቻት። ልጄ እርሳስ ፈልጋ አረመች፤ ደብዳቤው እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ምን ላይ እንዳረመች አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ የእሁዱ ስልክ ላይ እኔ አላስፈልግም። ወጥ ላማስል እሄዳለሁ።

እንዴት ይጀመራል?

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን በአጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ የሚያሳፍር ያህል አሳንሱት። የምትጀምሩት ነገር በጣም በከፋው ቀናችሁ፣ ከ12 ሰዓት ፈረቃ በኋላ እንኳ የሚሠራ መሆን አለበት። አንድ ገጽ፣ አንድ ፊደል፣ አምስት ዶላር፣ አምስት ደቂቃ። ጉልበት ባላችሁ ቀን ብትጨምሩ ማንም አይከለክላችሁም። የእቁቡ መጠን ግን ያው ትንሹ ነው።

ሁለተኛ፣ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አስቡት። አርሲ ውስጥ አሰላ አካባቢ ልጅ እያለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ጠዋት ሮጦ ይሄዳል፣ ማታ ሮጦ ይመለሳል። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ ትልቅ ሰው ሆኖም ግራ ክንዱ አጠፍ ብሎ ነበር የሚሮጠው። ያ ልጅ «ዛሬ ልምምድ አደርጋለሁ» ብሎ አልወሰነም። ትምህርት ቤት መሄድ ነበረበት፣ በቃ። በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲቀድመው ያ መንገድ እግሩ ውስጥ ነበር። እኛ ኃይሌ አንሆንም። ግን ሁላችንም በየቀኑ የማይቀርልን ነገር አለን፤ ቡና ማፍላት፣ ልጅ ማድረስ፣ ምሳ መብላት፣ ባቡር መጠበቅ፣ ተራ መጠበቅ። «ቡናውን ከጣድኩ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ» በሉ። «ጊዜ ሳገኝ» አትበሉ። ጊዜ አይገኝም።

እኔ ስኳሬን እንዲህ ነው የያዝኩት። ምሳ በልቼ መኪና ውስጥ ከመግባቴ በፊት 10 ደቂቃ እሄዳለሁ። በረዶ ሲሆን በገበያ አዳራሽ ውስጥ እዞራለሁ። ከምግብ በኋላ ትንሽ መሄድ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ይናገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለሰባት ቀን ሲካፈል 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ከምሳ በኋላ 10፣ ከእራት በኋላ 10 ብትሉ ለመድረስ ጥቂት ብቻ ይቀራችኋል ማለት ነው። የኔ ቁጥር ከድንበሩ ወረድ ብሏል፤ ምርመራዬን ግን አልተውኩም፣ እናንተም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምንም እንዳትተዉ።

ሦስተኛ፣ ዳኛ ይኑራችሁ። አንድ የሚያይ ሰው። ባልደረባዬና እኔ አሁን በየማታው በቴሌግራም አንድ ፊደል እንላላካለን፤ «ሠ» ማለት ሠርቻለሁ ነው፣ «ቀ» ማለት ቀርቻለሁ ነው። ማብራሪያ የለም፣ ወቀሳ የለም። ያ አራት ነገር ቆርጫለሁ ያለው ሰውዬ አሁን አንድ ብቻ ይዟል፤ ተራ ሲጠብቅ የኮሌጅ መጽሐፉን ሁለት ገጽ ማንበብ።

አራተኛ፣ ሁለት ቀን አታከታትሉ። አንድ ቀን መቅረት የሰው ነው። ሁለተኛውን ቀን ግን በግማሹም ቢሆን፣ በአንድ ደቂቃም ቢሆን ጣሉ። ያንን ጂም የገደለብኝ ሁለተኛው ቀን ነው።

አምስተኛ፣ በነፃ ያለውን ተጠቀሙ። የቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 100 ቅርንጫፎች አሉት፤ ለከተማው ነዋሪ ካርዱ በነፃ ነው፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ የማዘግያ ቅጣት የለም። አንድ መጽሐፍ ተውሳችሁ መኪና ውስጥ፣ ከስልኩ ቀረብ ባለ ቦታ አስቀምጡ። እጃችን የቀረበውን ነው የሚያነሳው።

ይህ ሁሉ ግን የማያደርገው ነገር

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ድሃ የሆንነው ልማድ ስለሌለን ነው ልትለን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አይደለም። የቶሮንቶን የቤት ኪራይ በማለዳ በመነሳት ማውረድ አይቻልም። በ2012 የወጣ የፌዴራል መንግሥት ጥናት፣ የ2006ቱን ቆጠራ ይዞ፣ በካናዳ ካሉት 50,000 ያህል የታክሲ ሾፌሮች ግማሹ ስደተኛ እንደሆኑ ያሳያል፤ ከነሱ ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ሐኪምም ዶክተርም አለበት። እነዚያ ሰዎች መሪ የጨበጡት ልማድ አጥተው ነው? አይደለም። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ወረቀት እዚህ ስላልተቆጠረላቸው ነው። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነው፣ በሥርዓት ደረጃ ነው መታገል ያለብን፤ ስለሱም ማውራቴን አላቆምም።

ነገር ግን ያ ትግል እስኪያልቅ ቀኑ አይቆምልንም። ሥርዓቱ የወሰደብን ብዙ ነገር አለ። ደወል እስኪደወል ያለችውን አስር ደቂቃ ግን እስካሁን ማንም አልወሰዳትም። እኔ ያንን አስር ደቂቃ ለስድስት ዓመት በስልክ ዜና እያየሁ ነበር ያሳለፍኩት፤ አንዳንዱንም ዜና እናንተው ናችሁ የላካችሁልኝ!

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው፤ ለልጆቻችንም እንነግራለን። ተረቱ ላይ ግን አንድ ያልተባለ ነገር አለ። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው በየቀኑ የሚያሞቀው ካለ ነው። ዶሮዋ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ብትታቀፈው አይፈለፈልም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አራት ነገር አትቁረጡ። አንድ ብቻ ምረጡ፣ በጣም ትንሿን። ከምን በኋላ እንደምታደርጓት ወስኑ። ለአንድ ሰው ንገሩት፣ እሱ ዳኛችሁ ይሁን። ከዚያ ነገ ጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ጣሉ። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አታውቁም፤ የኔ በአንድ እሁድ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ነው የወጣው።

ልጄ አሁን ወደ ቁጥሩ ገብታለች፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለች ነው። ዛሬ ማታ ፬ ነው ተራው። እስከዚያ እኔም ልውጣ፣ ሥራ አለ። ሰላም ሁኑልኝ።